ሰባት መቶ ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ

እንደገና እዚያችው ላይ፣ ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ምላሽ አልተገኘም፣ ቀይ፣ የቀሩት ሺህ ሁለት መቶ አምስት ጥያቄዎች አረንጓዴ ለብሰው ይቺ አንዲቷ ብቻ፣ ፔይሩ ስክሪኑን በእርሳስ ጫፍ መታ መታ ታደርገዋለች፣ ምን አለበት ወይ እሺ ወይ እምቢ ቢል፣ እምቢም እኮ መልስ ነው፣ ደንቡ ላይ በግልጽ ሰፍሯል፣ ተፈታኙ ፕሮግራም በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ መዝገቡን መቀበሉን ወይም አለመቀበሉን ያሳውቃል፣ ያሳውቃል ነው የሚለው፣ ይሄ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ፣ ከሰኞ ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ።

አሥር ሰዓት ከሩብ። አሥራ አንድ ላይ ወረቀቱ ሥራ አስኪያጅ ጉዎ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት፣ አንዲት ቀይ ካለችበት ከውጭ የተገዛውን ፕሮግራም እናስገባለን ብሏል ጠዋት፣ ሆስፒታሎቹ አይጠብቁንም፣ ደግሞ ፈገግ ብሎ፣ ጋሽ ፋንንም በክብር እናመሰግናቸዋለን። እናመሰግናቸዋለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ቤት የማያውቅ የለም፣ የአበባ እቅፍ፣ ስም የተጻፈበት የሻይ ኩባያ፣ ደህና ይሁኑ። ሃያ አራት ዓመት የለፉበት፣ በየሆስፒታሉ መስኮት የታማሚ ስምና የልደት ቀን ሲመዘግብ የኖረ ፕሮግራም በአንዲት ጥያቄ ገደል ሊገባ፣ እሳቸውስ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ማን ይቀጥራቸዋል፣ እሷን ከዜሮ ጀምረው ያስተማሩ ሰውዬ፣ አሁን የመሰናበቻቸውን ወረቀት የምታትመው ደግሞ እሷ። ጥሩ ተማሪ።

ገብታ ብታየው ምን ነበረበት፣ አይፈቀድም፣ ተፈታኙ በራሱ ክፍል ለብቻው ነው የሚሮጠው፣ ፈታኙ መሣሪያ በአንዱ ቧንቧ ጥያቄ ይልክለታል፣ በሌላው ቧንቧ መልሱን ይጠብቃል፣ ሌላ ነገር የለም፣ በሩ እንደተዘጋ ነው፣ ልክ ነው፣ ሆድ ዕቃውን እያዩ መፈተን ፈተና አይደለም፣ ግን በሩን ዘግቶ ዝም የሚል ሰው ያላሳደገው ብቻ ነው ይሄ ቀላል ነው የሚል፣ አባቷ፣ እራት ቀርቧል አባዬ፣ ዝም፣ ተቀይመሃል፣ ዝም፣ ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ አይነቅዝም፣ የሚነቅዘው በር ላይ የቆመው ሰው ነው።

ማሽኑ አናት ላይ ያ አረንጓዴ ከረጢት ቁጭ ብሏል፣ የበቆሎ ቺፕስ፣ ሰኞ ጋሽ ፋን ናቸው ያመጡት፣ በአገሩ ልማድ ማሽን እንዳያምፅ አረንጓዴ ከረጢት ይቀመጥለታል፣ ቢጫ አይሆንም፣ ጊዜው ያለፈበት አይሆንም፣ ማሽኑ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ደግሞ ማንም አይከፍተውም፣ ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ ሠራተኛ ርቦት ከፍቶ በላና ቤቱ ሁሉ ሳምንት አኮረፈው። ፔይሩ ከረጢቱን ታየዋለች። አንተም ዝም፣ ደመወዝተኛ።

ቆይ። ቧንቧው ሁለት አይደለም እኮ። ሦስት ነው፣ ፕሮግራም ሁሉ የሚያጉረመርምበት ሦስተኛ ቧንቧ አለው፣ ስሞታውን የሚያፈስበት፣ ፈታኙ መሣሪያ አያነበውም፣ ደንቡም አያስገድድም፣ አንቺስ ፔይሩ፣ አንቺን ማን ከለከለሽ፣ አራት ቀን ሙሉ የተዘጋ በር ስትደበድቢ መስኮቱ ክፍት መሆኑን ሳታዪ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሽ ባለሙያ፣ እፍረት ነው፣ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ይሯሯጣሉ፣ ከፈተናው ውጭ ፕሮግራሙን ለብቻው ታስነሳለች፣ ሰባት መቶ ሠላሳ አንደኛዋን ጥያቄ በእጇ ትልክለታለች፣ ሴት፣ የተወለደችበት ዓመት በፈረንጆቹ 1908፣ ሦስተኛውን ቧንቧ ትከፍታለች።

ይቅርታ፣ ይላል ስክሪኑ። እኚህ እናት የተወለዱት የእኛ ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ይመስላል። እባክዎ ጠጋ ብለው ይጠይቋቸውና ያረጋግጡልኝ።

ከዚያ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፣ ይጠብቃል። ለካ ሲጠብቅ ነው የከረመው። የእኛ ቆጠራ፣ ሪፐብሊኩ ከተመሠረተ ወዲህ የሚቆጠረው፣ ዘንድሮ 114፣ አንድ ብሎ የጀመረው በፈረንጆቹ 1912፣ ጋሽ ፋን ዓመት የሚቆጥሩት ደሴቲቱ ሁሉ እንደሚቆጥረው ነው፣ ከፈረንጁ ላይ 1911 ቀንሰው፣ ከ1908 ላይ ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ሌላ ፕሮግራም ቢሆን ስህተት ብሎ ይጮህ ነበር፣ ይሄኛው ግን ይሉኝታ አለበት፣ ይሉኝታ ያለበት ፕሮግራም፣ ጉድ ነው። አዎ ብላ ትጽፍለታለች፣ ለማየት ያህል።

ተመዝግበዋል። ወንበር ይስጧቸው።

ፔይሩ ትስቃለች። ተነስታ ከመከለያው በላይ አንገቷን ታሰግጋለች፣ ጋሽ ፋን ከምሳ ዕቃቸው ላይ የደረቀ ሩዝ በጥፍራቸው ይፈቀፍቃሉ፣ ጋሽ ፋን፣ ይቺ የ1908ቷ ሴትዮ ማን ናት፣ አገኘሻት ይላሉ ቀና ሳይሉ፣ አገኘሻት ማለት ምን ማለት ነው፣ ያውቁ ነበር ማለት ነው፣ ሰኞ ጠየቅኩዎት፣ ማክሰኞ ጠየቅኩዎት፣ እስቲ እናያለን አሉኝ፣ እያየሁ ነበር ይላሉ፣ ቆሽቷ ድብን ይላል፣ ምንድን ነው ያዩት፣ እኔን ስቃጠል ነው ያዩት፣ በልቧ ነው እንጂ በአፏ አይደለም፣ በአፏ ማን ናት ብቻ ነው ደግማ የምትለው።

አያቴ ናት፣ ይላሉ። ሆስፒታል ወስጃት መስኮቱ ላይ ዓመቷን ሲያስገቡት ማሽኑ ጮኸ፣ ስህተት አለ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። እሷ ማሽኑን እጅ ነስታ ይቅርታ ጠየቀችው። ከዚያ ቤት እንሂድ ልጄ አለችኝ፣ ዳግመኛም ሆስፒታል አልረገጠችም።

ምን ይባላል ለዚህ፣ ነፍስ ይማር ይባላል፣ ግን ሰዓቱ፣ አሥር ተኩል አልፏል፣ አንድ ዙር ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ ጋሽ ፋን እኔ የምልዎት ከዚያ ዘመን ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው የለም እኮ፣ የለም ይላሉ፣ ታዲያ አንዲት መስመር ናት፣ ያረጋግጡልኝ የሚለውን አውጥተን ራሱ እሺ እንዲል እናድርገው፣ እኔ ልጻፈው፣ አምስት ደቂቃ፣ እናያለን እስኪሉ ትጠብቃለች፣ እናያለን ካሉ እንደ እሺ ቆጥራ ልትጽፈው ቆርጣለች።

አይሆንም፣ ይላሉ ጋሽ ፋን። ሰው ሳያያት እሺ አይባልም።

አይሆንም። በአሥራ አንድ ዓመት ከእኚህ ሰው አፍ ይህ ቃል ሲወጣ ሰምታ አታውቅም፣ የማይበላ ምግብ ሲቀርብላቸው እንኳ ጠግቤያለሁ ነው የሚሉት፣ ዛሬ፣ እንጀራቸው ሊቆረጥ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አይሆንም፣ ደረቅ ሽማግሌ፣ ግትር፣ ቢያንቋቸው ምን ነበር፣ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ዘጭ ትላለች፣ የመጨረሻውን ዙር ታስነሳለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቁጥሩ ይሮጣል።

ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ማንም የማያውቀው። ሦስተኛው ቧንቧ ስክሪኗ ላይ ክፍት ነው፣ ጥያቄው ሲመጣ በመላኪያው ቧንቧ በእጇ አዎ ብትልለት፣ በሠላሳ ሰከንዱ ውስጥ፣ ፈታኙ መሣሪያ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፣ አረንጓዴ፣ ወረቀቱ ይታተማል፣ ጉዎ ይፈርማል፣ እሳቸው ይቀራሉ። ማንን ጎዳሁ። ታዲያ ተፈታኙ ፕሮግራሙ ነው ወይስ አንቺ፣ ራሱን ችሎ ይቁም ተብሎ በተዘጋ ክፍል ያለን ነገር ጎትተሽ ብታቆሚው ቆመ ይባላል፣ ስድስት መቶ፣ እሳቸው አይደሉ እንዴ በመጀመሪያ ዓመቷ አንዲት ቀይ ደብቃ ሲይዟት፣ ቀይ ያላየ ሰው አረንጓዴ አያውቅም ያሏት፣ ያኔ አልቅሳለች፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ ስድስት መቶ ሰባ፣ ግን እሳቸውን እወዳቸዋለሁ እኮ፣ ከአባቴ ይልቅ፣ ይኸው ተናገርኩት፣ ሰባት መቶ።

ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ። ስክሪኑ ይቅርታ ይላል። እኚህ እናት።

ሁለቱን እጆቿን ጭኖቿ ስር ትሸጉጣቸዋለች፣ ትቀመጥባቸዋለች፣ ከኋላዋ የምሳ ዕቃ ሲቀመጥ ይሰማታል፣ ጋሽ ፋን መጥተው ቆመዋል፣ ስንት ደረሰ ይላሉ፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ፣ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም፣ ይጠብቃል፣ ሞኝ፣ ማንም አይመጣልህም፣ ሃያ፣ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ ሃያ ስድስት፣ አዎ ሁለት ፊደል ናት፣ ሃያ ዘጠኝ።

ምላሽ አልተገኘም።

የቀሩት ጥያቄዎች አረንጓዴ ለብሰው ያልቃሉ። ጋሽ ፋን እጃቸውን ዘርግተው ከማሽኑ አናት ላይ አረንጓዴውን ከረጢት ያነሱና አፉን ጨብጠው ጠሽ አድርገው ይከፍቱታል፣ ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያያል፣ ከረጢቱን ወደ እሷ ያዘነብሉታል፣ ብዪ ይላሉ። ፔይሩ አንድ ቺፕስ አፏ ውስጥ ትጨምራለች፣ ኩርሽም ይላል፣ አልለሰለሰም፣ የጉዎ ጫማ በኮሪደሩ እየቀረበ ነው፣ ማተሚያው ወረቀቱን መትፋት ጀምሯል፣ እሳቸው ቆመዋል፣ ከምሳ ጀምሮ ጉልበታቸውን እያሻሹ ነበር፣ እስካሁን እንዴት አላየችም። ትነሳለች። ወንበሯን ወደ እሳቸው ትገፋዋለች።

ጋሽ ፋን፣ ይቀመጡ።