ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

እጄን ይቁረጠውና፣ አዴ አይሻ ቤት ስልኬን ያወጣሁት ለላይክ ብዬ ነው። ሌላ ሰበብ አልፈጥርም።

በ2009 ዓ.ም. «የጀጎል ጓዳ» የሚል የፌስቡክ ፔጅ ከፍቼ ነበር። አባቴ ወታደር ሆኖ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፤ እኔ ግን ፈላና በር ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ የሐረሪን ቤት ከማንም በላይ አውቃለሁ ባይ ነኝ። ግድግዳ ላይ የተደረደረ ሳህን፣ በቀይ አፈር የተቀባ መደብ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ፎቶ አነሳለሁ። ስድስት ወር ለፍቼ ተከታዮቼ ሦስት መቶ አርባ! ግማሹ ደግሞ ዘመድ ነው። ያበግናል እኮ።

አዴ አይሻ ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ሥራ ስትውል ያበሉኝም፣ የቆነጠጡኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ገብቼ ቀና ስል፣ ከበሩ በላይ የተቀመጠው ጥቅል ምንጣፍ ፀሐይ አርፎበት አማረኝ። እዚያ ቦታ ጥቅል ምንጣፍ ካለ፣ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው።

«ላንሳው?» አልኳቸው።

«አንሺ ልጄ፣ ቤትሽ አይደል?»

አነሳሁና ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ወንዶች ምን ትጠብቃላችሁ? ምንጣፉ ወጥቷል፣ ሽማግሌ ላኩ!»

ልጃቸው ዋፊቃ በየመን በኩል ሳውዲ ልትገባ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው። ጀልባ ልሳፈር ነው ብላ ደውላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። እናቷ ምንጣፉን ያላወረዱት ለዚህ ነው። ረስቼው ነው እንዳልል አብረን ያደግን ነን። እያወቅሁ ነው የለጠፍኩት፣ አፈር ልብላ!

በሦስት ቀን ዘጠኝ ሺህ ተከታይ ገባልኝ። «አማቴ፣ መጣሁልዎ» የሚለው፣ «ጫቱን ይዣለሁ» የሚለው ብዛቱ! እኔም እየተንከተከትኩ እመልስላቸዋለሁ።

በአራተኛው ቀን የወንድማቸው ልጅ ነስሮ አሳያቸው። አስጠሩኝ። ሄድኩ። ምነው ሰድበው ባባረሩኝ ኖሮ!

«ነስሮ ዘጠኝ ሺህ ሰው ምንጣፏን ያያል አለኝ። ወላሂ በይ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አዴ።»

ከሳጥናቸው የዋፊቃን ጉርድ ፎቶ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «እንግዲያው እሷንም አውጪልኝ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ያያት አንድ ሰው አይጠፋም፣ ኢንሻአላህ።»

ቀልዱን አጠፋሁና ፎቶዋን ለጠፍኩ። ስሟን፣ የወጣችበትን ወር፣ ስልኬን ጻፍኩበት። በሳምንቱ አሥራ አራት ላይክ አገኘች። የመጣው አንድ ኮሜንት፣ «ፔጁ ደበረን፣ ቀልድ አምጪ» ይላል። አንድም ሰው ሼር አላደረጋትም።

አዴ አይሻ በየቀኑ የአስር ሶላት ሰግደው ሲጨርሱ ደጃችን ይመጣሉ። «ዛሬስ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝና፣ «ሰዉ ሁሉ እየተቀባበላት ነው፣ እያፈላለጓት ነው» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። «የእናቷ ልጅ ብትሆኚ እንኳ ይህን ያህል አትደክሚላትም ነበር።»