ሐኪሙ የሰፋት ልጅ

ወይዘሮ ዙሃራ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የወረዱት የልጅ ልጃቸውን ኢክላስን ከቲያትር ሊያስወጡ ቆርጠው ነው። ቡድኑ ነገ ወደ አዳማ ይሄዳል። የኢክላስ እናት ሶፊያ፣ «አንቺው አይተሽ ያልሽው ይሁን» ብላ ውሳኔውን ለእሳቸው ትታለች። እሳቸው ደግሞ መልሱን ሳያዩም ያውቁታል። ደህና ልጅ እንዴት ሬሳ ሆና ትዘፍናለች?

ታሪኩ ከድሮ የፈረንጅ አስፈሪ መጽሐፍ የተወሰደ ነው አሉ። አንድ ሐኪም የሙታንን አካል ቆራርጦ፣ ሰፍቶ፣ ሰው ያበጃል። ያቺ የተሰፋችው ፍጡር ኢክላስ ናት።

እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አጠገብ ያለ የኮሌጅ አዳራሽ ገብተው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸው ውስጥ ለጉሮሮዋ ዝንጅብል በፔርሙዝ፣ ለብርዱ ሹራብ፣ ለጉልበቷ ቅባት አለ። ባለፈው ወር ከታክሲ ስትወርድ ጉልበቷን ተመትታለች።

መጋረጃው ሲከፈት ኢክላስ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች።

«ቢስሚላህ! ልጄን በቁሟ ከፈን አለበሷት!»

«አንሶላ ነው፣ እማማ። ይዩት ዝም ብለው» አለች ከጎናቸው ያለች ሴት፣ ፈንዲሻ እየዘረጋችላቸው።

ፈንዲሻው በየት በኩል ይወርዳል!

ከዚያ ሐኪሙ እየሰፋ መዝፈን ጀመረ። መርፌው በገባ ቁጥር ክራር አንዴ ይመታል፤ ወይዘሮ ዙሃራ ሳይታወቃቸው ጣታቸውን አብረው አንቀሳቀሱ። መብራቱ እንደ ክረምት መብረቅ ብልጭ ሲል ኢክላስ ጨርቁን ገፍፋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ስፌት ተስሏል። ሰሃን ስታጥብ «ቀንሺው፣ ጎረቤት ይሰማል» የሚሏት ያ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ዘፈኑ ቃል የለውም፤ ፍጡሯ ገና መናገር አልተማረችማ። እንደ ሕፃን ታንጎራጉራለች። ሊፈሩ ተዘጋጅተው የመጡት ሴትዮ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው መወዛወዝ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ጭንቅላት ቢኖረው ነው?

ፍጡሯ ከጠረጴዛው ወረደች። ሐኪሙ የሠራውን አይቶ ደነገጠና ወደ በሩ ሸሸ። እሷ ልትከተለው ሁለት እርምጃ ሄደች፤ በሦስተኛው ጉልበቷ ከዳትና በደረቷ ተደፋች። ሙዚቃው ቆመ።

«እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ወይዘሮ ዙሃራ ብድግ አሉ።

«እኔን!» አለች ባለፈንዲሻዋም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ደገሙት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይቁጠረው፣ አዳራሹ በሙሉ «እኔን፣ እኔን» አለ። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ። ልጅ ወድቃ እሱ ያላላትን፣ የማያውቃት ሰው ሁሉ አላት።

ኢክላስ ከወለሉ ቀና ብላ ሕዝቡን ዓይን ዓይኑን አየች። ከዚያ አፉን እንደሚፈታ ሕፃን፣ በዜማ፣ «እ… ኔን» አለች። ክራሩ ቶሎ ብሎ ተከተላት። ወይዘሮ ዙሃራ ተቀመጡ፤ እስኪያልቅ ድረስም እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

ሲያልቅ ቦርሳቸውን ይዘው ከመድረኩ ጀርባ ዘለቁ።

«አሳፈርሽኝ እኮ፣ እማዬ!» አለች ኢክላስ እየሳቀች።

«ጉልበትሽስ?»

«ምንም አልሆነ። የተለማመድኩት አወዳደቅ ነው።»

«የተለማመድሽው! የሰው ልብ እያቆምሽ!»

«አያትሽ አራዳ ናቸው» አለ ሐኪሙን የሚጫወተው ወጣት።

አዘጋጁ ሔኖክ እጁን አጣምሮ ቀረበ። «እማማ ዙሃራ፣ የፍጡሯን የመጀመሪያ ቃል ስድስት ወር ሙሉ ፈልጌ አጥቼው ነበር፤ ዛሬ እርስዎ ሰጡን። አዳማም ላይ እንዲሁ ይሁን ብያለሁ። ግን ይለቋታል?»

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ። አዳማ ሩቅ ነው። መንገዱ መኪና የሚበርበት፣ ሙቀቱም ጉሮሮ የሚያደርቅ ነው። ኢክላስ ፊቷ ላይ የተሳለውን ስፌት ሳትጠርግ እጃቸውን ይዛ ትጠብቃለች።

«ትሂድ» አሉ። «ሾፌሩን ግን አስቀድሜ እኔ አነጋግረዋለሁ። የምትወድቅበት ላይም ምንጣፍ ይነጠፍ።»

«ምንጣፍ ካለማ የመውደቋ ድምፅ አይሰማም፣ እማማ» አለ አዘጋጁ።

«እንግዲያው ሌላ የሚወድቅ ፈልግ!»

ሔኖክ ኢክላስን አየ፣ ወለሉንም አየ። «ይነጠፋል» አለ።