የአማቴ መርዶ

ከብቸና መናኸሪያ ጀርባ አንዲት ሻይ ቤት አለች። ከሞጣ በመጣሁ ቁጥር መጀመሪያ የምገባው እዚያ ነው፤ ሻይ ልጠጣ አይደለም፣ ባሌን ከሞት ላስነሣ ነው። ጓዳ ገብቼ ጥቁሬን አወልቃለሁ፣ አበባ ያለበት ቀሚስ እለብሳለሁ፣ የተቆረጠ ጸጉሬን በሻሽ እሸፍናለሁ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነች ሚስት አማቴ ቤት እሄዳለሁ። ባለ ሻይ ቤቷ ጥቁር ልብሴን ስትቀበለኝ «አይዞሽ» ትለኛለች። ብቸና ሙሉ አይዞሽ ይለኛል። የምዋሸው ግን እኔ ነኝ።

ባሌ ስጦታው የሞተው በጥቅምት ነው። ሞጣ ላይ እንጨት ሥራ ቤት ነበረው፤ ጣውላ ሊገዛ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፣ ሳምንትም አልቆየልኝ። ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አስከሬኑን ወደ አባቱ አገር ማምጣት አልቻልንምና እዚያው ሞጣ ቀበርነው። መንገዱ ሲከፈት ታላቅ ወንድሙ ምንይሉ መጣ፤ ደረቱን መታ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ሲነሣ ደግሞ እንባውን ጠርጎ ትእዛዝ ሰጠ።

«አባዬ እንዳይሰሙ። ኩላሊታቸው አይችልም።»

አማቴ አቶ ቀለሙ ሰባ አምስት አልፏቸዋል። ኩላሊታቸው ከደከመ ዓመታት ሆኖታል፤ ጨው ቀንሰው፣ ለጉልበታቸው ውጋት ከየመድኃኒት ቤቱ ማስታገሻ እየገዙ መዋጡን ትተው፣ እንደ ምንም ይዘውት ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ «አታስጨንቋቸው» ብላ ነበር። ምንይሉ ይህችን ቃል እንደ ዳዊት ደገማት።

የሚገርመው ለሰፈሩ ሁሉ መርዶ ሲናገሩ የኖሩት እሳቸው መሆናቸው ነው። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹን አስከትለው ይሄዳሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ ይናገራሉ፤ ከዚያ ሌላው ሲበተን እሳቸው ሐዘንተኛው አጠገብ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ለእሳቸው ማን ይናገር ሲባል ግን ያ ሁሉ ሽማግሌ አንገቱን ደፋ። የንስሐ አባታቸውም «ጊዜ ይሰጠው» አሉ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልነገሩንም።

እናም መንገድ ተዘግቷል አልን፤ ኔትወርክ የለም አልን። መጀመሪያ አመኑ። ክፋቱ፣ እኔ ደግሞ በዚያው ተዘጋ በተባለው መንገድ እመጣለሁ።

«አንች የመጣሽበት መንገድ ለእሱ ብቻ ነው የሚዘጋው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ሥራ በዝቶበት ነው አባባ።»

አቧራ የለበሰ ጫማዬን አዩ። እንደዚያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የወደድኩበት ቀን የለም።

በጥምቀት ማግስት ነው የሆነው። ለጥምቀት ይመጣል ብለው በር በሩን ሲያዩ ውለው ነበር። ምንይሉ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ እኔ የሚጠጡትን ውሃ ይዤ ቆሜያለሁ። አማቴ ብድግ አሉና ወደ ሞጣ ዞሩ።

«ስሞት አፈር እንዳያለብሰኝ። እኔን እንደረሳኝ፣ የወለዳት ትርሳው።»

ምንይሉ ወለሉን አየ። ወለሉ ላይ ምንም አልነበረም። ልጃችን ማርያማዊት ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ አሁን አሁን ፎቶ ካላሳየኋት የአባቷን መልክ አታስታውስም። የአባት እርግማን መሬት ጠብ አይልም ሲባል እሰማ ነበር፤ ይኸው በቤቴ እያየሁት ነው።

ከዚያ በኋላ አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እህል አስጠላቸው፤ እንቅልፍ ጠፋ፤ ቤተ ክርስቲያን መሳሙንም ተዉት። «ምን ላደርግ ነው የምኖረው?» ማለት ሲያበዙ ምንይሉ ደነገጠና እዚያው ብቸና ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዳቸው። እኔም በአበባ ቀሚሴ ተከተልኩ።

ሐኪሙ ዶክተር እዮብ ልጅ እግር ነው፤ ግን ሰው ሲናገር ያዳምጣል። «ድብርት ነው አባት፤ በሽታ ነው፣ ይታከማል» አላቸው። ለኛ ደግሞ የድብርቱን መድኃኒት በወጣት መጠን እንደማይሰጣቸው ነገረን። የደከመ ኩላሊት መድኃኒትን ቶሎ ስለማያስወጣ በትንሹ ጀምሮ ቀስ እያለ ያያል፤ በሽማግሌ ደግሞ የደምን ጨው ሊያወርደው ስለሚችል በየጊዜው ደማቸው መመርመር አለበት። እኛም ከራሳችን ምንም እንዳንጨምር፣ እንዳናቋርጥም አስጠነቀቀን። ከዚያ ጠየቀ።

«በቤቱ ሐዘን ደርሷል? በቅርቡ የሞተ ሰው አለ?»

«የሞተስ የለም» አሉ አማቴ። «የረሳኝ ነው ያለ።»

«ሁሉም ደህና ነው ዶክተር» አለ ምንይሉ ፈጠን ብሎ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ሳምንታት አለፉ፤ ለውጥ የለም። ዶክተር እዮብ ያንኑ ጥያቄ ደገመ፤ ምንይሉም ያንኑ መልስ ደገመ። ሐኪሙ መጠኑን ጥቂት ከፍ አደረገው። በመጋቢት አማቴ መቃዠት ጀመሩ፤ የሞተች ሚስታቸውን ይጣራሉ፣ ቀኑ ይምታታባቸዋል። አንድ ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ወደቁ። ምንይሉ ሲደውልልኝ ያገኘሁት መኪና ላይ ዘልዬ ወጣሁ፤ ሻይ ቤት መግባት፣ ልብስ መቀየር ትዝም አላለኝ። ከነጥቁሬ ክሊኒኩ ደረስኩ።

ዶክተር እዮብ በረንዳው ላይ አገኘኝ። ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ባሌ።»

«ባልሽ... የእሳቸው ልጅ?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«በጥቅምት።»

ግድግዳውን ተደገፈ። የአማቴ የደም ጨው ወርዶ ኖሯል፤ መቃዠቱም መውደቁም ከእሱ ነው። «መጠኑን የጨመርኩት ምንም ምክንያት የለም ስለተባልኩ ነው» አለኝ። ተናዶ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጠይቄያችሁ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠይቄያችኋለሁ። ልጁ ትቶት የሄደ መስሎት የሚሞትን ሰው በምን ኪኒን ልይዘው ነው?»

ትንሽ ሲበርድለት መድኃኒቱን ለጊዜው እንዳቆመው፣ ደማቸው ሲስተካከል እንደገና በትንሹ እንደሚጀምርላቸው ነገረኝ። «ስለተነገራቸው ድብርቱ በአንድ ቀን ይለቃቸዋል አልልሽም፤ ሕክምናው ይቀጥላል። ግን ይነገራቸው። አእምሯቸው ሲጠራ፣ እኔ ባለሁበት።»

ምንይሉ ይህን ሲሰማ ጮኸብኝ። «ልትገድያቸው ነው? ቀሚስሽን ቀይሪ!» አለኝ። አልቀየርኩም። አማቴ እስኪጠራላቸው ከአልጋቸው አጠገብ በጥቁሬ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይናቸውን ገለጡና አወቁኝ። ልብሴን አዩ፤ ጥቁር ሻሼን አዩ። ያ ሁሉ መርዶ የተናገረ ሰው ምን ይጠፋዋል?

«ተናገሪ» አሉኝ።

«ስጦታው ነው አባባ። በጥቅምት። ወባ ነው። መንገድ ተዘግቶ ሞጣ ቀበርነው።»

በጣታቸው ወሩን ቆጠሩ።

«ጥምቀት ዕለትስ?»

«ያኔ ሞቶ ነበር አባባ።»

«ስረግመው?»

«ሞቶ ነበር።»

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነበር። ዶክተር እዮብ በሩ ላይ ቆሞ ነበርና ሲበቃቸው ገብቶ ደም ግፊታቸውን ለካ። እንደ ምንይሉ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ መሞት ነበረባቸው። ውሃ ጠየቁ እንጂ አልሞቱም።

ጥቂት ቆይቶ የምንይሉ ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ። አማቴ እጄን ያዙኝ። «ከመጋረጃው ኋላ ቁሚ» አሉኝ። ቆምኩ።

ምንይሉ አጥሚት በፔርሙስ ይዞ ገባ፤ አባቱ ቀና ብለው ሲያያቸው ደስታውን አልቻለውም።

«ስጦታው ደወለ?» አሉት።

«ደወለ እንጂ አባዬ! ትናንት ማታ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏል።»

«ድምፁ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ትንሽ ጉንፋን ነገር ይዞታል መሰለኝ።»

ጉንፋን። አምስት ወር አፈር ውስጥ ያለውን ባሌን ጉንፋን አስያዘው። መጋረጃውን በጥርሴ ያዝኩት።

«ነፍሱን ይማር» አሉ አማቴ።

ፔርሙሱ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ከመጋረጃው ወጣሁ፤ ምንይሉ ግን እኔን አላየኝም፣ አልጋው ሥር ተንበርክኮ የአባቱን እግር ይዟል።

«ስረግመው አጠገቤ ነበርኸ» አሉት። አልጮኹም። «አፌን መያዝ እንዴት አቃተኸ? አሁን ማንን ይቅር በለኝ ልበል? የት ሄጄ ልመልሰው?»

«ለኩላሊትዎ ብዬ ነው አባዬ» አለ ምንይሉ እያለቀሰ። «እግዜር ያውቃል፣ ለኩላሊትዎ ብዬ ነው።»

አማቴ እግራቸውን ከእጁ ላይ ቀስ ብለው ሳቡ።

«ለኩላሊቴ ብለኸ» አሉት፣ «የሞተ ልጄን አስረገምኸኝ።»