ሆን ተብሎ የተሳሳተ ስፌት

በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቋ ልብስ ሰፊ፣ ታናሿ ፀጉር ሠሪ። ታላቋ ባሏ ከሞተና የስፌት መኪናዋን ከሸጠች ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት እየሄደች የተቀዳደዱ መጻሕፍትን በነጻ ትጠግናለች።

ቤተ መጻሕፍቱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል የንባብ አዳራሽ ሲሆን፣ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎችና አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ አግዳሚ ወንበር አለው። በጎኑ ባለው ክፍል መደርደሪያዎቹ ቆመዋል። የኋለኛው፣ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው፣ አንዲት ጠባብ መስኮትና የጓሮ በር ያለው ክፍል፣ የታላቋ ግዛት ነው። ወስፌዋን፣ ሰም የተቀባ ክሯን፣ የሙጫ ጣሳዋንና በብሎን የሚጠብቁ ሁለት የመጽሐፍ መጭመቂያ ጣውላዎቿን የምታስቀምጠው እዚያ ነው። ጀርባው የረገፈ መጽሐፍ ዛሬ ከገባላት በሦስተኛው ቀን ቀጥ ብሎ ይወጣል። መጽሐፍ የሚዋስ ሰው ግን ማን ሰፋው ብሎ አይጠይቅም። እሷም "ለመታየት ብዬ አይደለም የምሠራው" ትል ነበር። እውነቷን ይመስላት ነበር።

ደመወዝ የሚከፈለው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ብቻ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን ያያችሁ የሚል፣ ቅን ሰው ነው። ከእሱ ሌላ አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ነበር፤ የተዋሱትንና የመለሱትን ይመዘግባል፣ አቧራ ያራግፋል፣ ሲደክመውም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል። እንግዲህ ቤተ መጻሕፍቱን አቁመው የያዙት እነዚህ ሦስቱ ነበሩ።

ታናሿ ቀኑን ሙሉ መቆም እግሯን ስላሳበጠው የፀጉር ቤቷን ዘጋች። ሁለት ወር ቤት ውስጥ ግድግዳ ስታይ ከረመች። ታላቋ አንጀቷ አልችል አለና "ተነሺ፣ ከእኔ ጋር ነይ። ቢያንስ ሰው ታያለሽ" አለቻት። በእጇ ይዛ የወሰደቻት እሷ ራሷ ናት። በኋላ ይህን ባስታወሰች ቁጥር ቆሽቷ ያርር ነበር።

ታናሿ ሙጫም ወስፌም አልሆነላትም። አንድ ሳምንት መጽሐፍ ስታጣብቅ ሦስት ገጽ ከጣቷ ጋር አጣበቀች። ወሬ ላይ ግን ማን ይችላታል? ሃያ ዓመት የሰው ጭንቅላት እጇ ውስጥ ይዛ ስታወራ የኖረች ሴት ናት። በከተማው ውስጥ የማን ልጅ እንደሚያነብ፣ የማን ባል ሥራ እንደፈታ፣ የትኛዋ እናት ቀኑን የምትገፋበት እንዳጣች ታውቃለች። የድሮ ደንበኞቿን በየቤታቸው እየዞረች "ኑ፣ ካርድ አውጡ፣ በነጻ ነው" አለቻቸው። መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡስ ለሚጠብቁ ሰዎች መጽሔትና ቀጫጭን መጻሕፍት በጋሪ እየገፋች አዞረች። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ልጆችን አዳራሹ ውስጥ ሰብስባ ተረት ማንበብ ጀመረች።

በአራት ወር ውስጥ አዳራሹ መቀመጫ ጠፋበት። ፖስተኛው እንቅልፉን አጣ።

"ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሳደርስ ይህን ያህል ሰው በር ላይ ቆሞ ጠብቆኝ አያውቅም" አለ መዝገቡን እያገላበጠ። "እህትሽ ምን አፍዝዛ ነው የምታመጣቸው?"

"አፏን ከፍታ ነዋ" አለች ታላቋ። ፖስተኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ኃላፊውም በየቀኑ ወደ ኋላ ክፍል ብቅ ይላል። ስለ መጻሕፍቱ ሊያወራ አይደለም። "እትዬ፣ እህትዎ እኮ ተአምር ናት! የት ደብቀዋት ነው የኖሩት?" ይላታል። ታላቋ ክሯን በጥርሷ ትበጥስና ፈገግ ትላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተአምር ብሏት አያውቅም።

ከሁሉ የባሰባት ግን ልጆቹ ያወጡት ስም ነው። ታናሿን "እትዬ ተረት" አሏት። እትዬ! ይህ እኮ የእሷ ስም ነበር። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ቤት ውስጥ እትዬ የምትባለው እሷ፣ ምግብ አብስላ፣ ልብስ ሰፍታ ታናሿን ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀጭኑ ግድግዳ ማዶ ሠላሳ ልጅ በአንድ አፍ "እትዬ! እትዬ!" ሲል፣ በልማድ ቀና ትላለች። እሷን አይደለም።

ታናሿም ግን የሚያቅታት ነገር ነበር። ማንበብ ይከብዳታል። ትምህርት ቤት ፊደል እየተደበላለቀባት ስታለቅስ ኖራ፣ ገና በአሥራ አራት ዓመቷ ትታው ፀጉር ሥራ ገባች። የቅዳሜውን ተረት ከሰኞ ጀምሮ መስታወት ፊት ቆማ፣ በጣቷ ቃል በቃል እየተከተለች ትለማመዳለች። ይህን የምታውቀው ታላቋ ብቻ ናት። ጓዳ ሆና ትሰማታለች፤ "ዝ...ሆ...ኑ፣ ዝሆኑ" ስትል። በመጀመሪያ ሰሞን ያሳዝናት ነበር። በኋላ ግን "ይቺን ነው ተአምር የሚሏት?" ትል ጀመር፣ በሆዷ።

በዚያው ሰሞን ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሹን የዕቃ መጋዘን ሊያደርገው አስቧል የሚል ወሬ መጣ። ኃላፊው ተሯሩጦ አንድ ቅዳሜ ክፍት ቀን ተብሎ እንዲዘጋጅ፣ ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው እንዲያዩ አስፈቀደ። ዋናው ዝግጅት የታናሿ ንባብ ሆነ። የመረጠችው ጉንፋን ስለያዘው ዝሆን የሚተርክ ትልቅ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነበር። እንስሳቱ ሁሉ መድኃኒት ያመጡለታል፤ በመጨረሻ ሲያነጥስ ዛፎቹ ቅጠላቸው ይረግፋል። የመጽሐፉ ክር ተበጥሶ ገጾቹ ስለተበታተኑ፣ ታናሿ ረቡዕ ዕለት ይዛው ወደ ኋላ ክፍል ገባች።

"እትዬ፣ በሞቴ፣ ለቅዳሜ አድርሽልኝ። አንዳንዷን መስመር በቃሌ ይዣታለሁ።"

"አስቀምጪው" አለች ታላቋ ቀና ሳትል።

በዚያን ጊዜ ኃላፊው አንገቱን በበሩ አስገብቶ፣ "እኛን ያቆመን የእርስዎ ነገር ነው!" አለ። ታላቋ እጇ ቆመ። ቀና ስትል ግን የሚያየው ታናሿን ነው።

ሁለቱ ሲወጡ ገጾቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። መጀመሪያ በትክክል ነበር የደረደረችው። ከዚያ ባለ አራት ገጹን የመጨረሻ እጥፋት አነሳችና ከመጀመሪያው ቀጥሎ አስገባችው፤ ከመሐል ያሉትን ሁለቱን አቀያየረቻቸው። ወስፌውን ወጋች፣ ክሩን ሳበች። አምሮ የተሰፋ፣ ጠንካራ ጥራዝ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ መግባት ሲጀምሩ ብቻ ሰጠቻት፤ ገልጣ የምታይበት ጊዜ እንዳይኖራት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጆቹ መሬት ላይ፣ ወላጆች በግድግዳው ዙሪያ፣ ሁለቱ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ደግሞ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ታላቋ የኋላ ክፍሏን በር ገርበብ አድርጋ ቆመች።

ታናሿ ጀመረች። አራት ገጽ ያህል እንደ ውሃ ፈሰሰላት። አምስተኛውን ስትገልጥ ዝሆኑ አነጠሰ፣ ቅጠሉ ረገፈ፣ እንስሳቱ ጨፈሩ። ልጆቹ ሳቁ። ቀጥላ ገለጠች፤ ዝሆኑ አፍንጫው ተደፍኖ ተኝቷል። ወደ ኋላ መለሰች፣ ወደ ፊት ገለጠች። ጣቷ ቃሉን ለመያዝ ገጹ ላይ ተንከራተተ። "ዝ... ዝንጀሮው... አይ፣ ቆዩ" አለች። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

"እትዬ ተረት ማንበብ አትችልም እንዴ?" አለ አንድ ትንሽ ልጅ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከማዘጋጃ ቤት ከመጡት አንዱ ሰዓቱን አየና ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ታናሿ መጽሐፉን ዘጋች። "ይቅርታ ልጆች፣ ዓይኔን አሞኝ ነው" አለችና በኋላ ክፍል በኩል ወጣች። ታላቋን ስታልፍ አላየቻትም፤ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር።

ታላቋ ለወራት የተመኘችውን አገኘች። የተሰማት ግን ደስታ አልነበረም። የሙጫ ጣሳዋን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

ቤት ስትደርስ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ጠበቃት።

"እትዬ" አለች ታናሿ። ድምፅዋ አልቅሳ እንደጨረሰች ያስታውቃል። "ይህን የሰፋሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ስፌት ስትሳሳቺ አይቼሽ አላውቅም። ለአንድ ዝንፍ ላለ ቁልፍ ሙሉ ኮት የምትፈቺ ሴት ነሽ። ተሳስተሽ ነው በይኝና ልመንሽ።"

ታላቋ እንዲያ ማለት ትችል ነበር። አፏም ተከፍቶ ነበር። "አይደለም" አለች።

"ለምን?"

"እኔንጃ። ሁሉም አንቺን አንቺን ሲል..."

ታናሿ መጽሐፉን ዘጋችው። "ማንበብ እንደሚያቅተኝ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ" አለችና ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት አልሆነም። አንዷ ሻይ ስታፈላ ሌላዋ ትወጣለች። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ግድግዳውን ታክከው ይተላለፋሉ። ታናሿ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ነገር አላነሳችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ታላቋ ራሷ ልጆቹ ፊት ቀረበች። አጥርታ አነበበች፤ አንድም ቃል አልሳተችም። ግማሽ ገጽ ሳትጨርስ ልጆቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ወደ መጨረሻው የቀሩት ሰባት ነበሩ፤ ከእነሱም ሁለቱ ተኝተዋል። ጋሪውንም መናኸሪያው ውስጥ ገፋች፤ ሰው ፊት ቆማ የምትለው ጠፋት። በዚያች ቀን ታናሿ የምትሠራው ወሬ ሳይሆን ሥራ እንደሆነ ገባት። ቅናቷ ግን በዚህ አልተዋትም። እንዲያውም ባሰ።

በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊው ፊቱ ጠቁሮ መጣ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች በሪፖርታቸው "የንባብ ፕሮግራሙ ማንበብ በማይችሉ በጎ ፈቃደኞች የሚመራ" ብለው ጽፈዋል። ሐሙስ በማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ አለ፤ ያኔ ይወሰናል።

"እህትዎ ብትመጣና ብታስረዳ..." አለ ኃላፊው።

"እኔ እመጣለሁ" አለች ታላቋ።

ሐሙስ ጠዋት ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ መጽሐፉን በፌስታል ይዛ ሄደች። ሰብሳቢው ዕድል ሲሰጣት ተነሳችና መጽሐፉን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችው።

"የገጹን ቁጥር እዩ" አለች። "አራት፣ ከዚያ ሃያ አንድ፣ ከዚያ አሥራ ሦስት። እንዲህ አድርጌ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ተሳስቼ አይደለም። እህቴ ስትመሰገን ቀንቼ ነው።"

አንዱ ሰውዬ "እርስዎ እናት የሚያክሉ ሰው!" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከኃላፊው ጋር የመጣው ፖስተኛ መሬት መሬት ያያል። እሷ ግን ቀጠለች፤ ታናሿ ያመጣቻቸውን ሰዎች፣ ጋሪውን፣ የቅዳሜውን አዳራሽ አንድ በአንድ ተናገረች። ዘጠኝ ዓመት ስለሰፋቻቸው መጻሕፍት ቃል አልተነፈሰችም።

አዳራሹ ለስድስት ወር እንዲቆይ፣ ከዚያ እንደገና እንዲታይ ተወሰነ። ሲወጡ ኃላፊው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አጠለቀ። "እትዬ፣ የኋላ ክፍሉን ቁልፍ ለጊዜው ይመልሱልኝ። ከእንግዲህ እርስዎ የሰፉትን መጽሐፍ ገጹን ሳልቆጥር ለሰው መስጠት ይከብደኛል" አለ። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ከስብሰባው ሁሉ ያመማት ይሄ ነው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ገብቶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ታላቋ ስትወጣ ታናሿን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ አገኘቻት።

"ለልጆቹ ነው የምሄደው" አለች ታናሿ። "ለአንቺ እንዳይመስልሽ።"

"አውቃለሁ።"

"በይ ነይ፣ ረፈደ።"

አዳራሹ እንደ ድሮው ባይሞላም ልጆቹ መጥተው ነበር። ታላቋ የምትገባበት ክፍል ስላልነበራት አግዳሚው ላይ፣ ከፖስተኛው አጠገብ ተቀመጠች። ተረቱን ከግድግዳ ማዶ ሳይሆን ፊት ለፊት ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ታናሿ ድምፅዋን ታሳንሳለች፣ ታጎላለች፣ ጥንቸሉን ትሆናለች፣ ጉማሬውን ትሆናለች። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይከተሏታል። ታላቋን ያው የድሮው ቅናት ያዛት። አልለቀቃትም፤ ምናልባትም አይለቃት ይሆናል።

ድንገት ታናሿ ቆመች። ጣቷ አንድ ቃል ላይ ተተክሏል። ልጆቹ ጠበቁ። እሷ ግን እንደ ያኔው አልደነገጠችም፤ መጽሐፉን ወደ አግዳሚው አዙራ ከፍ አደረገችው።

"እትዬ፣ ይሄን ቃል ምን ይላል?"

የልጆቹ ጭንቅላት ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞረ። አንዲት ልጅ "እሷ ማን ናት?" አለች።

"ታላቅ እህቴ ናት" አለች ታናሿ። "የምታነቧቸውን መጻሕፍት ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት።" ከዚያ ጨመረች፤ "ከአንዱ በቀር በትክክል ነው የሰፋችው።"

ፖስተኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ታላቋ ፊቷ እሳት ሆነ፤ ግን ተነስታ ቀረብ አለችና ዓይኗን አጥብባ ገጹን አየች።

"ተንጠራራ" አለች።

"ተንጠራራ!" አለች ታናሿ፣ ክንዷን ወደ ጣሪያው ዘርግታ። ልጆቹም ሁሉ ተንጠራሩ።