ጭስ የነካው ወተት

ነቢላ ከሴቶች ወተት እየተረከበች የምትሸጥበትን የአሰላውን ወተት ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ስታጸዳ ሰነበተች። ከአዲስ አበባ ሮሐ የምትባል እንግዳ ልትመጣ ነው። የሮሐ ድርጅት ድሃ ሠርቶ የሚለወጥባቸውን ሥራዎች እየፈለገ ባለድርሻ ሆኖ ይገባል፤ ትርፍም ይጠብቃል፣ የሰዉ ኑሮ ተሻሻለ ወይ ብሎም ይጠይቃል። ነቢላ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ከጭላሎ ተራራ ሥር ላሉት አርባ ሴቶች የወተት ማቀዝቀዣ። የእነሱ ወተት አሰላ እስኪደርስ ስለሚበላሽ እስካሁን የሚሸጡበት የላቸውም።

ወተት ቤቱን ስድስት ዓመት ያቆየው የነቢላ ግትርነት ነው። ወተት በታጠበ የአልሙኒየም ዕቃ ይመጣል፤ ጭስ የነካው አይገባም። አዳማ ያለ አንድ ሆቴል ጭስ ጭስ ይላል ብሎ የመለሰባት ጊዜ አንጀቷ እርር ብሎ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት በየዕለቱ ወተት የሚያስረክቧትን ሴቶች ሰልፍ ስታይ ክው አለች። ሴቶቹ በወይራ ጭስ የታጠነ፣ በዛጎል ያጌጠ ቅል ይዘው ተደርድረዋል። ማን ይፍረድባቸው? በአርሲ ቤት ለተከበረ እንግዳ ወተት በአልሙኒየም ማቅረብ ነውር ነው። እንግዳ ይመጣል ብላ የነገረቻቸው ራሷ ናት፤ ቅል እንዳታመጡ ማለት ግን ትዝም አላላት። ከሰልፉ ፊት የቆሙት ደግሞ የገዛ እናቷ፣ አዴ ኢፍቱ ናቸው፤ አዲስ ሻሽ አስረው ፈገግ ብለዋል።

ሮሐ ከባጃጅ ወርዳ አጠገቧ ቆማለች። ነገሩን ማለፍ ይቻል ነበር። የከተማ ልጅ ምን ታውቃለች? ወተቱን ተቀብሎ በኋላ መድፋት ነው። ግን ነቢላ ከሰልፉ መጨረሻ ሸዋዬን አየቻት። ሸዋዬ ባሏ የሞተባት ናት፤ ባለፈው ክረምት ጭስ ነካው ተብሎ ወተቷ ተመልሶባት አልቅሳ ሄዳለች። ዛሬ አልሙኒየም ይዛ የመጣች እሷ ብቻ ናት፤ ዓይኗን ከነቢላ እጅ ላይ አልነቀለችም።

ነቢላ የእናቷን ቅል ከፍታ አሸተተች። ያደገችበት ሽታ ነው።

«አዮ፣ ይሄን አልቀበልም» አለች እናቷን።

እናት በእንግዳ ፊት ወተቷ ሲመለስባት ታይቶ አያውቅም። አዴ ኢፍቱ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩና ቅላቸውን ከደኑ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ የእኔ ካልገባ የማናችሁም አይገባም፣ የማታውን በደንቡ ይዛችሁ ኑ አሏቸው። ማንም አላጉረመረመም። ያን ጠዋት የገባው የሸዋዬ ሦስት ሊትር ብቻ ነው።

ሮሐ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች፤ ነቢላም ምንም ሳትሸፍን ነገረቻት። የማቀዝቀዣው ነገር አለቀለት ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ሮሐ የሸዋዬ ወተት ብቻ የገባበትን በርሜል አየት አደረገች።

«እኔ የሄድኩበት ሁሉ፣ የመጣሁ ቀን ሰው ደንቡን ይረሳል» አለች። «አንቺ ግን በእናትሽ ላይ እንኳ አልረሳሽውም። ማቀዝቀዣው ሲመጣ የጭላሎዎቹ ሴቶች መቼ መጀመር ይችላሉ?»

ነቢላ ወደ መንገዱ ዞረች። እናቷ ቅላቸውን ይዘው ቀጥ ብለው እየሄዱ ነው። ይቅርታ ልትል እየሮጠች ተከተለቻቸው፤ የፈረስ ጋሪዎቹ የሚቆሙበት ስትደርስ ባለጋሪው ሁሴኖ፣ ምነው ወተቱን ይዘው ተመለሱ ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማች።

«ልጄ መለሰችብኝ» አሉ አዴ ኢፍቱ፣ ፊታቸው ፈክቶ፣ ጋሪ ተራው በሙሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እኔን እናቷን። ያውም እንግዳ ፊት።»

ነቢላ ባለችበት ቆማ በሻርፗ ዓይኗን ጠረገች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ኮርታ አታውቅም። አዴ ኢፍቱ ግን ቅሉን ከፍተው፣ ልጅ እንደዳረ ሰው፣ ለባለጋሪዎቹ አንድ በአንድ ወተት ይቀዱ ነበር።