ቢንጎ ኮሌጅ አያስገባም

ግሬቸን ሶሬንሰን በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የምትኖር፣ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ አንድ ዓመት የቀራት ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያን መኖሪያ እየሄደች ቢንጎ፣ ያን የተጠራ ቁጥር ካርድ ላይ የሚፈለግበትን ጨዋታ፣ ታጫውታለች። ቁጥር በጠራች ቁጥር ቀልድ ጣል ስለምታደርግ ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ማንም አላስገደዳትም፤ ደስ ስለሚላት ነው።

እናቷ ሪታ ግን ልጇን ስመ ጥር ኮሌጅ ካላስገባሁ ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ከትምህርት ውጪ የሚሠራው ነገር ከውጤት እኩል ይታያል ሲሏት ጊዜ የኮሌጅ መግቢያ አማካሪ ቀጠረች። ፕሬስኮት የተባለችው አማካሪ በኮምፒውተር ቪዲዮ ቀርባ ግሬቸንን ትጠይቅ ጀመር።

"ከልብሽ የምትወጂውን ንገሪኝ።"

"ቢንጎ ማጫወት። ሽማግሌዎችን።"

አማካሪዋ ፈገግ አለች። "የኔ ቆንጆ፣ ቢንጎ ኮሌጅ አያስገባም። ማመልከቻሽ ላይ 'መሥራች' የሚል ቃል ያስፈልገናል። ለምን ቴክኖሎጂ አታስተምሪያቸውም? ድርጅት አቋቁሚ፣ ስም እናወጣለታለን፣ ፎቶ ትነሻለሽ።"

ሪታ ራሷን በአዎንታ እየነቀነቀች ትጽፋለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ግሬቸን "ድልድይ ለትውልድ" የሚል ቲሸርት ለብሳ፣ በውሰት የመጡ ታብሌቶች ተሸክማ ገባች። ሽማግሌዎቹ የቢንጎ ካርዳቸውን ዘርግተው ይጠብቋታል።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አሉ ሚስተር ኦርቪል።

"ዛሬ ኢሜይል መላክ እንማራለን።"

"እኔ ኢሜይል መላክ ስጀምር አንቺ መች ተወለድሽና! ቢንጎውስ?"

"በኋላ።"

"በኔ ዕድሜ በኋላ የሚባል ነገር አለ እንዴ?"

ሚስስ ዴልፊን የተባሉት አሮጊት እጇን ያዝ አደረጓት። "ለኮሌጅ ነው አይደል? የልጅ ልጄም እንደዚሁ አድርጋለች። ነይ፣ ፎቶሽን ተነሺና ገላግዪን፤ አንቀየምሽም።"

ከዚያ ሁሉም ታብሌት ታብሌታቸውን አንስተው፣ ተጠጋግተው፣ ለስልኳ ካሜራ ፈገግ አሉ። ይህ ከስድብ በላይ አመማት። ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ ታብሌቶቹን ሰብስባ ወጣች።

ቤት ስትገባ ሪታ "ፎቶውስ?" አለቻት።

"አላነሳሁም።"

"እንዴት አታነሺም? ለራሴ ብዬ ነው እንዴ የምለፋው?"

"እማ፣ የምትወጂውን ንገሪኝ አለችኝ፤ ነገርኳት። ሌላ ውደጂ አለችኝ! አሁን እነሱ ፊት በምን ዓይኔ ልቁም?"

በሩን ወርውራ ዘጋችው። ማመልከቻው ላይ ቢንጎዋን ጻፈች፤ ድርጅቱን አልጠቀሰችም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ከስመ ጥሩው ኮሌጅ መልስ መጣ። አልተቀበሏትም። የእንግሊዝኛ ክፍል ጓደኛዋ ግን፣ ለድሆች ጫማ የሚሰበስብ ድርጅት መሥራች ተብሎ፣ እዚያው ኮሌጅ ገባ። ጫማዎቹ እስከዛሬ እቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ተከምረው እንዳሉ ግሬቸን በዓይኗ አይታለች።

"አላልኩሽም?" አለች ሪታ።

ቢንጎው ይሁን፣ የሒሳብ ውጤቷ ይሁን፣ ዕድል ይሁን፣ ለግሬቸን ምክንያቱን የሚነግራት ሰው የለም። ያንገበገባትም ይኸው ነው። በንዴት የቆሻሻ ቅርጫቱን በእርግጫ ብላ አውራ ጣቷን ጎዳች።

የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ስለነበር እዚያ ለመግባት ወሰነች። በሳምንቱ እራት ላይ ሪታ ወደ አሥራ ሁለት ዓመቷ ታናሽ ልጇ ዞረች።

"ኢንግሪድዬ፣ የጎራዴ ግጥሚያ ትወጃለሽ?"

"የምን ጎራዴ?"

"ስፖርት ነው። ከአሁኑ ከጀመርሽ፣ ኮሌጅ ስታመለክቺ..."

ግሬቸን ሹካዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። "እማ፣ እሷን እንኳ ተያት! በፈጣሪ!"

ኢንግሪድ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እህቷን እያየች ማኘኳን አቆመች።