ከሞት የቀደመ መልእክተኛ

ሐኪሙ እውነቱን የነገረው ለባልየው ለመዝገቡ ነበር። ሚስቱ ተናኘ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ እሱን ብቻውን ወደ ውስጥ ጠርቶ፣ የማሕፀን ነቀርሳው ጉበቷ ደርሷልና ቤቷ ወስደህ አስታምማት አለው። መዝገቡ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ወጣና ጨጓራ ነው አላት። ተናኘ ያኔውኑ አወቀች። ለጨጓራ የሚያለቅስ ባል አይታ አታውቅም።

መካኒሳ አቦ ሲመለሱ ሠፈሩ በአንድ ልብ ይዋሽ ጀመር። አንዷ ፊትሽ ወዝ አወጣ ትላለች፤ ሌላዋ የፋሲካውን ዶሮ የምትሠሪው አንቺ ነሽ ትላለች። ስለ ሞት ልታነሣ ስትል ክፉ አይናገሩም ብለው አፏን ያስዘጓታል። ይህን ሁሉ ተስፋዋን እንዳንቆርጥባት ይሉታል። የቀራት ተስፋ ምን እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም። ዲላ በመምህርነት የተመደበችውን አንድ ልጇን ሣራን በዓይኗ ማየት ነበር። አስጠሩልኝ ባለች ቁጥር መዝገቡ ሲሻልሽ አብረን እንሄዳለን እያለ ያልፋታል። ኋላ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ለወንድሙ ሲያንሾካሹክ ሰማችው፤ ሣራ ድንገት ከመጣች ተናኘ መሞቻዋ መድረሱን ትጠረጥራለች፣ ስለዚህ አትጠራም። ተናኘ በንዴት ተንገበገበች። ይህስ ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው?

እሁድ ዕለት የእድሩ ዳኛ ጋሽ አባይነህ፣ ድሉ የእኛ ነው የሚል መፈክር ሲሰማ ከዋለበት የቀበሌ ስብሰባ ሲመለሱ ሊጠይቋት ገቡ። እሳቸውም ወዟን ማድነቅ ሲጀምሩ ተናኘ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች።

«ጋሽ አባይነህ፣ የእድር አባል ሲሞት ለሩቅ ዘመድ መልእክተኛ የሚልከው ማነው?»

«እድሩ ነዋ። ምነው?»

«የእኔን አሁን ላኩልኝ።»

መዝገቡ ሟርት ነው ብሎ ሊያስቆማት ተነሣ። እሷ ዓይኗን ከዳኛው አልነቀለችም።

«ስሞትማ ሌሊቱን ገስግሳችሁ ዲላ ትደርሳላችሁ። ድንኳን ትተክላላችሁ፤ ሣራ ደረቷን እየመታች ስትገባ ከግራ ከቀኝ ትደግፏታላችሁ። ለሬሳዬ የማትነፍጉኝን ልጅ በቁሜ የምትነፍጉኝ ምን በድዬ ነው?»

ዳኛው የእድሩን ጥሩምባ የሚነፋውን ዱጉማን አስጠሩትና በማለዳው አውቶቡስ እንዲሄድ፣ የይለፍ ወረቀቱንም እሳቸው ከቀበሌ እንደሚያወጡለት ነገሩት። መዝገቡ እየተንተባተበ፣ እናትሽን ትንሽ አሟታል በላት አለው።

ይህን ሲል ሦስቱም ወንዶች ስህተቱ ገባቸው። በዚህ አገር ትንሽ አሟታል ተብሎ የተጠራ ሰው መርዶ እንደመጣበት ያውቃል፤ ሣራ ጥቁር ከሏን ለብሳ ነው የምትነሣው። ደህና ናት ቢሏት ደግሞ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ትቆያለች። ዕድሜ ልካቸውን ለታማሚም ለሐዘንተኛም ሲዋሹ ኖረው፣ እውነት የሚናገሩበት ቃል አጡ።

ተናኘ ሳቀች፤ ሳቁ ጎኗን ወጋት።

«ዱጉማ፣ ነቀርሳ ነው በላት። ትሞታለች፣ ግን ገና አልሞተችም በላት። ካላመነችህ፣ አባትሽንና የእድሩን ዳኛ ስትሳደብ ትቻት መጣሁ በል። ያኔ ታምንሃለች።»

ሣራ በዚያው ሳምንት ደረሰች። ቢጫ ሹራብ ለብሳ ነበር። ደጃፉ ላይ አባቷን ሰላም ሳትል፣ እስከ ዛሬ ለምን አልተጠራሁም ብላ አፈጠጠችበት፤ ድምፅዋ እስከ ጎረቤት ይሰማል።

ተናኘ ከውስጥ፣ «ልጄ ናት፤ አስገቧት» አለች።